ማን አየኝ?

እናቴ የጠየቀችኝ ሁለት ቃል ነው። "ማን አየኝ?" አለችኝ። ይኸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ጥያቄዋ ግን አሁንም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። እኔ የመለስኩላት ደግሞ አንድ ቃል ነው። እሱም ውሸት ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጆቼን ትይዛለች፣ ቤቱን ታሞቃለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ስኳሩ አገር ቤት እያለች የያዛት ነው። ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ በዓል ሲመጣ ግን ከድፎው ጋር ያላት ፍቅር አይቀንስም።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ጠዋት ማዳመጫዬን አጥልቄ ኮምፒውተሬ ፊት እቀመጣለሁ። ስልኩ ይጠራል። በአንዱ ጫፍ ሐኪም ወይም ነርስ፣ በሌላው ጫፍ አንድ አበሻ፣ መሃል ላይ እኔ። የሙያችን ሕግ አጭር ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትለውጥ። ሐኪሙ ካንሰር ካለ ካንሰር ትላለህ። "ያ ክፉ በሽታ" ብሎ ማለፍ የለም። ስሜን እንኳ አልናገርም፤ መለያ ቁጥሬን ሰጥቼ ነው የምጀምረው። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቴ ካለማወቅ እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ጨለማው ክፍል ውስጥ

ተራ የክትትል ቀን ነበር። የሄድነው የቤተሰብ ሐኪሟ ዘንድ ነው እንጂ የዓይን ሐኪም ዘንድ አይደለም። እንግዳ ተቀባይዋ "የስልክ አስተርጓሚ እንጥራ?" ስትለኝ ሳቄ መጣ። "አስተርጓሚው እኮ እኔ ነኝ" አልኳት። ቤተሰብ ለቤተሰቡ ማስተርጎም የሌለበት ለምን እንደሆነ ለጀማሪዎች አስረድቼ አውቃለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ረሳሁት።

ደም ተወሰደ፣ ግፊት ተለካ። ከዚያ አንዲት ወጣት ረዳት ወደ ጠባብ ክፍል ወሰደችን። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ካሜራ አለ፤ አገጭ የሚያርፍበት፣ ግንባር የሚደገፍበት። ረዳቷ ሐኪምም ነርስም አይደለችም፤ ካሜራውን መጠቀም የተማረች ልጅ ናት። ከእያንዳንዱ ዓይን ጀርባ፣ ሬቲና ከሚባለው ሽፋን፣ ሁለት ሁለት ፎቶ ታነሳለች። ፎቶውን የሚያነበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ሁላችንም አሁን ኤአይ የምንለው ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ማሽኑ አልቀበልም አለ። ፎቶው ጥራት የለውም ነው የሚለው። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። የእማዬ ብሌን ጠባብ ስለሆነ ጠብታ ተጨመረላትና እስኪሠራ ቁጭ አልን። እሷ በጨለማው ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸሎቷን ትደግማለች። እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ሁለተኛው ዙር ተሳካ። ብዙም ሳይቆይ ከማተሚያው አንድ ወረቀት ወጣ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ቃል በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይላል፦ በስኳር ምክንያት የመጣ፣ ከመለስተኛ ያለፈ የሬቲና ጉዳት ተገኝቷል፤ ወደ ዓይን ሐኪም ይላኩ።

እማዬ ወረቀቱን አየች። ረዳቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ማን አየኝ?"

ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይህን ያህል አይከብድም ነበር። በእኛ ቋንቋ ግን በሽተኛ "ይታያል"። "ሄደህ ታይ" እንላለን። "ታየሽ ወይ?" እንላለን። "ደህና ሐኪም አየኝ" ስንል ሕክምናው ግማሽ መንገድ የሄደ ያህል ነው የሚሰማን። መታየት የሚያይ ሰው ይፈልጋል። እማዬ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያያት ሰው አጣች። ካሜራው ብልጭ አለባት፣ ወረቀት ወጣ፣ በቃ። ጥያቄዋ ፍጹም ትክክለኛ ነበር።

"ማሽን ነው ያየሽ" ማለት አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ አሁንም በቅጡ አላውቅም። አሜሪካ ድረስ አምጥቼሽ ሰው እንኳ አላየሽም ማለት ሳይመስለኝ አልቀረም።

"ዶክተሩ" አልኳት። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ በሽተኛ ጋር ነበር።

"ምን አለ ታዲያ?"

"ትንሽ ነገር አለ። ለማንኛውም የዓይን ሐኪም ይይሽ ብሏል።"

እስቲ ይህችን ትርጉም እንደ ፈተና ወረቀት ልረማት። "ከመለስተኛ ያለፈ" የሚለው "ትንሽ ነገር" ሆኗል። "ስኳር" የሚለው ከነጭራሹ ወጥቷል። "ይላኩ" የሚለው ትእዛዝ "ለማንኛውም" ውስጥ ሰጥሟል። ለማንኛውም! ነገርን እንደዚህ ቃል የሚያቀዘቅዝ አማርኛ ያለ አይመስለኝም። "ለማንኛውም ደውልልኝ" ያላችሁት ሰው ደውሎላችሁ ያውቃል? በሥልጠና ላይ አንድ ጀማሪ እንዲህ ቢያስተረጉም እጥለው ነበር።

ወረንጦ

"ትንሽ ከሆነማ ይቆያል" አለች እማዬ።

ይህን ያለችው ከስንፍና አይደለም። የዓይን በሽታ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቃለች። አያቴ የዓይን ፀጉሯ ወደ ውስጥ የተቀለበሰባት ሴት ነበረች። ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆቡን ውስጥ በጠባሳ ያኮማትረውና ፀጉሩን ወደ ዓይን ያዞረዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ርግብታ መፋቅ ነው። አያቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ጎረቤቷ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በወረንጦ ትነቅልላታለች። እማዬ ልጅ ሆና ወረንጦውን አቀባይ እሷ ነበረች።

ስለዚህ ለእማዬ የዓይን በሽታ ማለት የሚያቆረቁር፣ የሚያስለቅስ፣ ፀሐይ የሚያስጠላ ነገር ነው። ሰው በቅርብ ጎንበስ ብሎ የሚያየው፣ በእጁ የሚይዘው ነገር ነው። ስኳር ዓይን ላይ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደክማቸዋል። ትንንሽ እብጠት ያወጣሉ፣ ያፈሳሉ፣ ይደማሉ። ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። አያምም፣ አያሳክክም፣ አይቀላም። ነገሩ ወደ እይታው መሃል እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ደህና ይመስላል።

"ዓይኔን እኮ ምንም አላመመኝም" አለችኝ መኪና ውስጥ። ያን ጊዜ መኪናዬን ጥግ አስይዤ "እማዬ፣ ይህኛው አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው" ማለት ነበረብኝ። የ30 ሰከንድ ነገር ነበር። እኔ ግን ሬዲዮ ከፈትኩ።

የምስሩ ጠጠር

ያ ሰኔ ላይ ነው። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮው ነሐሴ ላይ ወደቀ፤ "ፍልሰታን ልጹም፣ ከጾሙ በኋላ ይሁን" አለች፤ እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ዘመን መለወጫ መጣ። ከዚያ ትንሿ ልጄ ጉንፋን ያዛት። ከዚያ እኔ ረሳሁት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ረሳሁት። ትንሽ ነገር ነው ያልኩት ራሴ ስለሆንኩ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ፣ የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ምስር ወጥ ስበላ ጠጠር ነከስኩ። እማዬ ከምትለቅመው ምስር ውስጥ ጠጠር ሲያልፍ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። ሳቅንበት። በሌላው ሳምንት ባለቤቴ ነከሰች። ሁለተኛው ላይ አልሳቅንም። "እርጅና ነው" አለች እማዬ፤ ሰፌዱን ግን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና ስትለቅም አየኋት።

ጥር ላይ ሄድን። የሬቲና ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ አያት፤ ራሱ፣ በገዛ ዓይኑ። የዓይንን ጀርባ ሽፋን በሽፋን የሚያሳየውን ኦሲቲ የሚባለውንም ምርመራ አደረገላት። በግራ ዓይኗ፣ ጥርት አድርገን የምናይበት የሬቲናው መሃል ውኃ ቋጥሮ አብጧል። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልጋል፣ ያውም ተደጋጋሚ። ከዚያ ፋይሉን ገለጥ አድርጎ፣ "ከሰኔ ጀምሮ ታውቁ ነበር ማለት ነው?" አለ።

አሁንም የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ያን ጥያቄ ግን አላስተረጎምኩትም። በእንግሊዝኛ ራሴ መለስኩለት። እማዬ "ምን አለ?" አለች። "ስንት ዓመትሽ ነው አለ" አልኳት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሌላ ሰው በሽታ የደበቀስ? ለእሱ ተረት አልተተረተም፤ ወይ እኔ አልሰማሁም።

ታዲያ ማን አየ?

ከዚያ በኋላ ነው ሌሊት ሌሊት ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት የምወቅሰው ስፈልግ ነው። ማሽኑ ላይ አንድ ጉድ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እማዬ ፊት የተቀመጠው ዓይነት ማሽን፣ ማለትም ሐኪም ሳያየው ራሱ ውጤት የሚሰጥ፣ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ሚያዝያ 2018 ላይ ነው። የፈረንጁን ነው የምቆጥረው። አይዲኤክስ ዲአር ይባል ነበር፤ ከኋላው ያለው ማይክል አብራሞፍ የሚባል በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሬቲና ሐኪም ነው። ከመፈቀዱ በፊት በተደረገው ጥናት 900 የስኳር ሕሙማን በ10 ተራ የሕክምና ቦታዎች ታዩ። በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 87 ያህሉን አገኛቸው። ከሌለባቸው 100 ደግሞ 90 ያህሉን የለባችሁም ብሎ አሰናበታቸው። ፍጹም አይደለም። እኔ ግን ከመቶ ስንት አገኝ ነበር? አንዲት በሽተኛ ነበረችኝ፤ እሷንም ሳትኳት።

ከዚያ በፊት፣ 2016 ላይ፣ የጉግል ሰዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። እሱ ሌላ ሥርዓት ነው፤ የሚማርበት መንገድ ግን ለእማዬ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አለው። ማሽኑን ያስተማሩት በ128,175 የሬቲና ፎቶዎች ነው። ፎቶዎቹን ያረሙት 54 የዓይን ሐኪሞችና ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የደረሱ ሐኪሞች ናቸው፤ አንዱ ፎቶ ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ ታይቷል። በአንድ ፎቶ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሳይስማሙ የሚቀሩበት ጊዜ አለና። እንግዲህ ማሽኑ "ሲያይ" የእነዚያን ሁሉ ሰዎች እይታ ነው የሚደግመው። እማዬን "ብዙ ሐኪሞች ያዩትን የተማረ ማሽን አየሽ" ብላት ውሸት አይሆንም ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን የመጣልኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ወጣ ይላል። 2018 ላይ እዚያው ጉግል ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ማሽኑ የሬቲና ፎቶ ብቻ አይቶ የፎቶው ባለቤት ወንድ ይሁን ሴት እንደሚለይ አሳዩ። የዓይን ሐኪም ይህን መለየት አይችልም። ዓመታት ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ያላዩት ነገር ነው። ይህን ባነበብኩበት ሌሊት "ሰው ሠራሽ አስተውሎት" የሚለውን አማርኛ ደጋግሜ አየሁት። አስተዋለ ማለት ልብ ብሎ አየ ማለት ነው። ማሽኑ ያያል፤ ልብ ማለቱ የማን ሥራ ነው? በዚያ ክፍል ውስጥ የእኔ ነበር።

የእኛን ዓይን ያውቃል ወይ የሚል ጥርጣሬም ነበረኝ። የጥቁር ሰው ሬቲና መደቡ ጠቆር ይላል፤ በሌላ ሕዝብ ፎቶ የተማረ ማሽን ግር ሊለው ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆነኝን ያገኘሁት ዛምቢያ ውስጥ ነው። በሲንጋፖር ሕሙማን ፎቶ የተማረ ሥርዓት 1,574 ዛምቢያውያን ላይ ተሞክሮ፣ ወደ ሐኪም መላክ ካለባቸው 100 ውስጥ 92 ያህሉን ለየ። ጥናቱ የወጣው 2019 ላይ ነው። አንድ ጥናት ሁሉን አይዘጋም፤ እኔን ግን ሰበቤን አሳጣኝ።

ታይላንድ ላይ የሆነው ደግሞ የጨለማውን ክፍል አስታወሰኝ። የጉግል ማሽን 11 ክሊኒኮች ውስጥ ሲሞከር፣ በመጀመሪያው ስድስት ወር ከገቡት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን ማሽኑ ጥራት የላቸውም ብሎ መለሰ። ክፍሉ በቅጡ አይጨልምም፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ነርሶቹ በሽተኛ ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልታየው ነገር መጋረጃ ነው። ይህን ያነበበ ሰው የአገር ቤት ጤና ጣቢያ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ካሜራው እንደገና እስኪነሳ የሚጠብቅ ገበሬ ይታየኛል።

ስለ አገር ቤት ካነሳሁ አይቀር፣ ሁሉንም ዓይን ካሜራ ያድናል የሚለው ወሬ አይጥመኝም። ከ2005 እስከ 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከ100 ሰው 1.6ቱ ማየት የተሳነው ነበር። የግማሹ መንስኤ የዓይን ሞራ ነው፤ ከ100 ዓይነ ስውር ከ11 በላይ የሚሆነውን ያሳወረው ትራኮማ ነው። የበሰለ ሞራን ለማየት ኤአይ አያስፈልግም፤ የልጅ ልጅ እንኳ "አያቴ፣ ዓይንሽ ነጭ ሆኗል" ይላል። የጎደለው ቀዶ የሚያወጣ እጅ ነው። ስኳር ግን ከዚህ ይለያል። እዚህ የጎደለው ማየቱ ራሱ ነው፤ ደህና ነኝ የሚልን ሰው በየዓመቱ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጭሱ ለታየው ሰው ነው።

የበለጠ ያንገበገበኝ ግን የሩዋንዳው ጥናት ነው። ሩዋንዳ ውስጥ የስኳር ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን የኤአዩን ውጤት እዚያው፣ ወዲያው ተነገረው። ሌላው ወገን ፎቶውን ሰው አንብቦት ውጤቱን ከቀናት በኋላ ሰማ። ወደ ሐኪም ሂዱ ከተባሉት ውስጥ ወዲያው ከሰሙት 51.5 በመቶው ሄዱ፤ ቆይተው ከሰሙት 39.6 በመቶው። የማሽኑ ትልቁ ጥቅም ብልጠቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ እያለ፣ ዓይኑ ጠብታው እንዳለበት፣ እውነቱን ይሰማል።

እማዬም ወንበሩ ላይ ነበረች። ጠብታው ዓይኗ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ገና እንደሞቀ ነበር። እኔ ነኝ መሃል የገባሁት። ደግሞ ወዲያው ከሰሙትም ግማሹ ያህል አለመሄዱን ልብ በሉልኝ። እነሱም ቤት "ለማንኛውም" የሚል ልጅ ነበራቸው ይሆን?

የሰው ዓይን

የነገርኳት ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ነው። ማታ ቡና አፍልታ፣ ሁለተኛው ላይ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ያን ቀን ሐኪም እንዳላያት፣ ማሽን እንዳያት፣ ወረቀቱ ያለው ሌላ እኔ ያልኩት ሌላ እንደሆነ።

ማሽን መሆኑ ያስደነግጣታል ብዬ ነበር። ሲኒዋን አስቀመጠችና ሳቀች። "ታዲያ ምን አለበት? የሰው ዓይን ካልሆነ ይሻላል። ማሽን ቡዳ አይሆን" አለች። እኔ ወራት ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"እሱስ ነግሮኝ ኖሯል። አንተ ነህ የደበቅከኝ።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ለምን?"

"እንዳትደነግጪ ብዬ።"

"እናቴን በወረንጦ ሲነቅሉላት ሳይ ያደግኩ ነኝ። እኔ በምን እደነግጣለሁ?" አለች። ሦስተኛውን አልጠጣችም። ጀበናውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እንግዳ ተቀባይዋ "አስተርጓሚ ይፈለጋል?" ስትል "አዎ" አልኩ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አንዲት የማላውቃት ሴት መለያ ቁጥሯን ተናግራ ጀመረች። ሐኪሙ እብጠቱ እየቀነሰ እንደሆነ ተናገረ። ቀኝ ዓይኗ ላይም የተጀመረ ነገር ስላለ በቅርብ መከታተል እንዳለበት ተናገረ። ከዚያ የግራው ዓይን እይታ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ተናገረ። ልጅቷ አንዷንም ቃል አልዘለለችም። "ላይመለስ ይችላል" ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አልቸኮለችምም። እኔ ጥግ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አያለሁ።

እማዬ ጥቂት ዝም አለች። "እሺ" አለች። "ቀኙን አደራ በሉልኝ።"

ሐኪሙ ጨርሶ ሲነሳ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ልጄ፣ ስምሽ ማን ነው? ልመርቅሽ።"

ልጅቷ መለያ ቁጥሯን ደገመች። ስም መናገር አይፈቀድልንም አለች፤ ይቅርታ ጠየቀች።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። "በቁጥር እንዴት ይመረቃል?"

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስልኩን ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ቁጥሩን እየጠራች መረቀቻት።